ጓድ ጫማ

በየሰፈሩ ከሰው ፊት አስቀድማ እግሩን የምታይ አንዲት ሴት አትጠፋም። በሆሳዕና ይህን ኃላፊነት የያዘችው አባይነሽ ነበረች። እንግዳ በሯ ላይ ሲቆም ዓይኗ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጫማውን፣ ተረከዙን፣ የጣቶቹን መሃል መርምራ ከጨረሰች በኋላ ነው «እንደምን አደሩ» የምትለው። ዘመኑ ሰው ሁሉ ጓድ የሚባልበት ነበርና ጎረቤትም ማዕረግ አልነፈጋትም፤ «ጓድ ጫማ» አላት። ባሏ መምህር ማቴዎስም ከጎረቤት ጋር አብሮ ይስቅ ነበር።

በገበያ ቀን መንገድ ዳር ቆማ ከፎንቆ የሚመጡትን እናቶች ታስቆማለች። «አንቺ! ይኼ ቀይ አፈር ልጁን ይበላዋል እኮ! በረባሶ እንኳ አጣሽለት?» እናትየዋ አዝላ የመጣችውን ዕቃ ሳታወርድ ትሰማታለች፤ አንዳንዷም በሀዲይኛ መልሷን ሰጥታ ትሄዳለች። አባይነሽ ግን ለሚቀጥለው ልጅ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች።

አንድ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወልደሰንበት ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግረው «ጥያቄ ካለ» ሲሉ እጇን አወጣች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፊደሉስ ደግ። በባዶ እግራቸው ለሚመጡት ልጆች ምን ታስቧል?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሊቀመንበሩ ሳይስቁ «ይመዝገብ» አሉ። ተመዘገበም፤ እስካሁንም እዚያው መዝገብ ውስጥ ይሆናል።

ልጇ ጣቢታ ከተወለደች ወዲህማ ነገሩ ባሰ። በስምንት ወሯ ጠንካራ የቆዳ ጫማ ተደረገላት፤ ከሥሩ ሁለት ካልሲ። ስትተኛ ጫማው ይወልቃል፣ ካልሲው አይወልቅም። ከእናቷ ክንድ ወደ አባቷ ክንድ፣ ከዚያ ወደ አልጋ ነው። ሌላው ልጅ አፈር ሲያቦካ ጣቢታ መሬትን የምታየው ከላይ ሆና ነበር።

ማቴዎስ ምክንያቱን ያውቃል። የአባይነሽ እናት ሀቢቾ አካባቢ ዕድሜዋን ሁሉ በባዶ እግሯ ስታርስና ስትኮተኩት ኖራ ሁለቱም እግሮቿ አብጠው ነበር። ዝሆኔ ነው። ይተላለፋል እየተባለ ሰው ሸሻት፤ ጸሎት ቤትም ቦታዋ ከበሩ አጠገብ፣ ብቻዋን ነበር። አባይነሽን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችም «ዘራቸው ነው» ሲባሉ ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። ሦስተኛ የላከው ማቴዎስ ነው።

ጣቢታ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት እንኳ አልሄደችም። እኩዮቿ ዶሮ ሲያባርሩ እሷ የአባቷን ሱሪ ይዛ ለመቆም ትሞክርና ትወድቃለች። የማቴዎስ እናት እማማ ገነቴ ለጎረቤት «የፈራሁት ደረሰ፣ የእነሱ እግር ነው» ማለታቸውን አባይነሽ ሰማች። ያን ቀን የማንንም እግር አላየችም። በማግስቱ ባልና ሚስት ልጃቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ።

ሲስተር ሮማን ጫማውንና ሁለቱን ካልሲዎች አወለቀች። የልጅቷ እግር ነጣ ብሎ ለስልሷል፤ ጣቶቿ አንዱ በአንዱ ላይ ተጣብቀዋል። ሲሚንቶው ላይ ስታቆማት ጣቢታ እሳት እንደነካት ጮኻ እግሯን ወደ ሆዷ ሰበሰበች። አባይነሽ ልታነሳት ስትሮጥ ሮማን ከለከለቻት።

«እህቴ፣ ጉልበቷም ዳሌዋም ደህና ነው። እግሯ ግን ምንም ነክቶ አያውቅም። ልጅ መሬቱን የሚያውቀው በውስጥ እግሩ ነው። ሻካራ ይሁን ለስላሳ፣ ዳገት ይሁን ቁልቁለት እግሩ ካልነገረው ሰውነቱ በምን ይቆማል?»

«ዝሆኔውስ፣ ሲስተር?»

«እሱ ዓመት ከዓመት በዚህ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ለኖረ ነው። ለውጭ ጣቷን የማይጫን ሰፋ ያለ ጫማ አድርጊላት። ቤት ውስጥ ግን ጅባ ምንጣፉ ላይ በባዶ እግሯ ልቀቂያት። ድንገት ግቢ ብትወጣ ወዲያው በሳሙና እጠቢያት። በሽታው እንደሆነ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።»

«አይተላለፍም?» አለች አባይነሽ። ሦስት ጊዜ ጠየቀቻት፤ ሦስቴም አንድ መልስ ሰማች።

መጀመሪያ ሰሞን ጣቢታ ጅባውን እንደነካች ታለቅሳለች። ማቴዎስ ሁለት ጣቱን አስይዞ ሲያቆማት አባይነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጆሮዋን ትይዛለች። ግን ጫማውን መልሳ አላደረገችላትም። በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ ዝም ብላ ቆመች። በአራተኛው ጣቶቿን ዘርግታ ጅባውን ቆንጠጥ እያደረገች ተራመደች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጣቢታ ጅባውን ጨርሳ ደፉን ተሻገረችና ግቢው ቀይ አፈር ላይ ወጣች። ማቴዎስ የሚስቱን ጩኸት ጠበቀ። አባይነሽ ግን በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ልጅቷ አምስት እርምጃ ሄዳ ቁጢጥ አለችና ሳቀች።

አባይነሽ ሳፋና ሳሙና ይዛ ወጣች። ተንበርክካ የልጅቷን የእግር ጣቶች አንድ በአንድ ታጥብ ጀመር፤ ውሃው ቀላ። ማቴዎስ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ።

«ምነው? ሄደችልሽ እኮ!»

«እናቴን እስክትሞት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አላጠብኳትም» አለች። «እንዳይዘኝ ፈርቼ። ለብ ያለ ውሃ በሩ ላይ አስቀምጬላት እሸሽ ነበር። እሷም ‹ደግ አደረግሽ፣ አትቅረቢኝ› ትለኝ ነበር።»

ማቴዎስን ከጎረቤት ጋር የሳቀው ሳቅ ሁሉ አንገበገበው። ጎንበስ ብሎ ጆጉን አነሳና ንጹህ ውሃ አፈሰሰላት። አባይነሽ የልጇን እግር በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች፤ በጣቶቿ መሃል እርጥበት እንዳይቀር ደጋግማ አየች። ከዚያ ለቀቀቻት።

«በይ ሂጂ» አለቻት።