ጣውላ መራጩ ጋሼ ተፈራ

አንባቢዬ፣ ዕቃ ከመግዛት ይልቅ መምረጡ የሚያጠግበው ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔን ዙሪክ ውስጥ ገጥሞኛል። ጋሼ ተፈራ ይባላሉ፤ ደርግ ቤታቸውን ወርሶባቸው የተሰደዱ፣ አፎልተርን በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው።

ልጃቸው ሣራ በትምህርት ቤት ቋጥኝ መውጣት ጀመረችና፣ "አባዬ፣ ቤት ውስጥ የምለማመድበት ግድግዳ ሥራልኝ" አለቻቸው። ቃል ገቡላት። ከዚያ ምርጫው ተጀመረ። ቺፑድ ብሎን አይዝም፤ የጥድ ጣውላ ይሰነጠቃል። ኮምፔልሳቶ ይሻላል ከተባለ በኋላ ደግሞ፣ ስንት ንብር ይኑረው የሚለው ጉዳይ በረዶው ወርዶ እስኪቀልጥ አከራከረን። ደርግ እንኳ የሰው ቤት ሲወርስ እንዲህ አልመከረም!

በመጨረሻ ከፊንላንድ የመጣ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ኮምፔልሳቶ ተገዛ። ላግዛቸው ብዬ የእግር መርገጫዎቹን ልገጥም መሰርሰሪያውን ሳነሳ ጋሼ ተፈራ ጣውላውን በሁለት እጃቸው ከለሉት።

"ይህን ልትበሳው ነው? አንጀት የለህም?"

"ሳይበሳ በምን ይወጣበታል፣ ጋሼ?"

"ቆይ እስቲ! የሚበሳ ሌላ እንመርጣለን።"

ሣራ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

በሳምንቱ አስተማሪዋ ወላጆችን ከከተማ ውጭ ወዳለ ቋጥኝ ጋበዘች፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሣራ ያን ገደል እንደ ጦጣ ወጥታ ከአናቱ ላይ፣ "አባዬ! አባዬ፣ እየኝ!" እያለች ትጮኻለች።

አባቷ ግን ቀና አላሉም። ከሥር ሆነው ቋጥኙን በጣታቸው እያንኳኩ፣ አስተማሪዋን በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛቸው ይጠይቃሉ፤

"ከዚህ የሚሻል ድንጋይ አልነበረም?"