ዘይነብ የማን ናት?

ትልቅ ሰው «የእኔ» ሲል ልብ ብላችሁ ስሙት። ብዙውን ጊዜ የሚወደውን ሳይሆን ሌላ ሰው እንዳይነካበት የሚፈልገውን ነው «የእኔ» የሚለው። አጥር ጥግ የበቀለች ማንጎ ለሁለት ጎረቤት እኩል የምትታያቸው ፍሬ ስትይዝ ነው። በበጋ ውኃ ሲጠማት ግን አንዱ «ግንዷ ወዳንተ ነው» ይላል፣ ሌላው «ሥሯ ወዳንተ ነው» ይላል። እንዲህ ያለውን ክርክር አሶሳ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ የመጣ ገበሬ ነበር። እሱ መሬቱን አረሰ፤ እኔ ወረቀት አርሳለሁ።

አንድ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ጠረጴዛዬ ላይ ረስቶት የሄደ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አለኝ፤ ደንበኛ ሲጠፋ እሱን አነባለሁ። እዚያ ውስጥ ስለ አንዲት የባሕረ ሰላጤ ደሴት የሚያወራ ምዕራፍ አለ። ደሴቲቱ መዳፍ ታክላለች፤ ሕዝቧ ዕንቁ ከባሕር ያወጣል። ቱርክ «የእኔ ናት» ይላል፣ እንግሊዝ «በጥበቃዬ ሥር ናት» ይላል። በደሴቲቱ አልስማማ ሲሉ ከሌላ አገር መጥተው ወደሚኖሩባት ሰዎች ዞሩ። ነጋዴው የማን ነው? ዕንቁ ጠላቂውስ? አንድ እንግዳ ገበያ ላይ ቢደበደብ ኃያላኑ «የእኔ ሰው ተነካብኝ» ብለው ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፤ የሰውዬውን ቁስል ማን እንዳጠበለት ግን መጽሐፉ አይናገርም። ለካ እንግዳውን የያዘ ዳኝነቱን ይይዛል፣ ዳኝነቱን የያዘም አገሩን ይይዛል። ፍቅሩ ይኸው ነበር።

እኛ ዘንድም ከዚህ የራቀ አልተሠራም። በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ጋር ድንበሩ ሲሰመር ከወዲህ የእኛ ንጉሠ ነገሥት፣ ከወዲያ እንግሊዝ ነበሩ፤ መስመሩ የአጎትን ቤት ወዲያ፣ የእህቱን ልጅ ቤት ወዲህ አድርጎ ሲያልፍ በሁለቱም ወገን የሚኖሩትን የበርታ ሰዎች የጠየቃቸው የለም። እነሱም አጸፋውን መለሱ፤ መስመሩን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ይሻገራሉ፣ ይጋባሉ፣ ይሸምታሉ፣ ይመለሳሉ።

የእማማ ሐዋ ልጅ ዘይነብ የተሳሳተችው እንዲሁ ነው፤ ስሕተት ካላችሁት። እማማ ሐዋ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ካለ የበርታ መንደር ማንጎ እያመጡ የሚሸጡ እናት ናቸው። ዘይነብ ዓረብ አገር ልትሠራ ስታስብ እዚህ የፓስፖርት ወረፋው ረዘመባት። ኩርሙክን ተሻግራ አጎቷ ቤት ገባች፤ አጎትየውም «የእህቴ ልጅ ልጄ ናት» ብሎ በስሙ የሱዳን ወረቀት አወጣላት። ለእሱ ይህ ውሸት አልነበረም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በሌላው ተንጠልጠል ይባል የለ? ተንጠልጥላ ሄደች። ከዚያች ከመጽሐፉ ደሴት እምብዛም በማትርቅ ትንሽ አገር፣ ሰው ቤት ተቀጠረች።

ከዚያ የዘመናችን ኃያላን በዚያች ትንሽ አገር ሰማይ ላይ ይዛዛቱ ጀመር። ሚሳይል በረረ። ባጃጅ ተራው አጠገብ ባለው ሻይ ቤት ወንዶቹ ለሁለት ተከፍለው፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጦር ያሰልፉ ነበር። ሌላው መንግሥት ሁሉ ዜጎቹን ያወጣል። ዘይነብ ለእናቷ ደወለች፤ አሠሪዎቿ ቤቱን ጥለው ሸሽተዋል። ሁለቱ ባላ ባንድ ቀን ተሰብሮባታል። ሱዳን ራሷ በጦርነት ስለምትነድ ስልክ የሚያነሳላት አላገኘችም። በእኛ ኤምባሲ በኩል ደግሞ «መዝገብ ላይ የለሽም፤ ከተወለድሽበት ማረጋገጫ ይምጣ፤ የተመላሾች ዝርዝር ሐሙስ ይዘጋል» አሏት። ድሮ መንግሥታት «የእኔ ነው» ብለው ይጣሉ ነበር፤ ዛሬ «የእኔ አይደለም» በሚለው ተስማሙ። ስሰማው ተናደድኩ፣ አልደብቃችሁም።

ሰኞ ጠዋት እማማ ሐዋ ማረጋገጫውን ፍለጋ ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። እኔም እንደ ሙያዬ «ከእግርዎ ሥር ወድቄ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ» ብዬ ጀመርኩና አነበብኩላቸው።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ይሄን አጥፋው» አሉኝ። «እኔ አልወደቀም። ልጅ የኔ ነው። የራሴን ጠየቀ፤ ለምን ይወድቃል?»

በእማማ ሐዋ አማርኛ ሴቱም ወንዱም «እሱ» ነው፤ ነገራቸው ግን ከእኔ ጽሑፍ የቀና ነበር። ሰረዝኩት። ማመልከቻው ሦስት መስመር ሆኖ ቀረ፤ በዕድሜዬ እንዲህ ያጠረ ጽፌ አላውቅም። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ተቀብሎ «ሦስት ምስክር ይዘው ረቡዕ ይምጡ» አላቸው።

ረቡዕ አንድ የጭነት መኪናና አራት ባጃጅ በሩ ላይ ቆሙ። ከአርባ የማያንስ ሰው ወረደ። በዚያ መንደር ሰው ስለ ልጅ የሚመሰክረው እንዲህ ነው፤ በሰባተኛው ቀን ስም ሲወጣላት የታረደውን ፍየል የቀመሰ ሁሉ ምስክር ነው። ሦስት መምረጥ የቀረውን «በከንቱ ነው የበላኸው» ማለት ነው። ምርኩዝ የያዙ አሮጊቶች ሳይቀሩ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እኔ እኮ ሦስት ነው ያልኩት» አለ ጸሐፊው፣ ላብ እያጠመቀው።

«እንግዲያ አንተ ምረጥ» አሉት አንድ ሽማግሌ። «የቀረው ሰው ካንተ ጋር ይጣላል።»

አጎትየውም ከኩርሙክ ማዶ መጥቶ ነበር። ጸሐፊው «በስምህ ልጄ ናት ብለህ አስመዝግበሃት የለ?» ብሎ አፋጠጠው። «አዎ፣ ልጄ ነው» አለ አጎትየው ወደ እማማ ሐዋ እያመለከተ፤ «የሷም ልጅ ነው። ልጅ ባንድ ሰው ነው የሚያድገው?» ከቀትር በፊት ማኅተሙ አረፈ፤ ደብዳቤው በስልክ ፎቶ ተነስቶ በዚያው ሰዓት ለኤምባሲው ተላከ። ሐሙስ ዝርዝሩ ሲዘጋ የዘይነብ ስም ነበረበት። በሳምንቱ አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዳ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን በማግሥቱ እናትና ልጅ ተያይዘው መጡ። ዘይነብ ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ፎቶው ላይ ሦስት ሴቶች አሉ። አንዷ ኡጋንዳዊት ናት፤ ሁለቱ ከየት አገር እንደሆኑ የሚናገረውን ወረቀት አሠሪው ይዞባቸው ሄዷል። እዚያው ባዶ ቤት ውስጥ ከዘይነብ ጋር አንድ ዳቦ ለአራት እየተካፈሉ ከርመው፣ እሷ ስትወጣ እነሱ ቀርተዋል።

«ጻፍ» አሉኝ እማማ ሐዋ። «ሦስቱም የኔ ነው በል።»

የሐሰት ምስክርነት እንደሚያሳስር በለሰለሰ ቃል አስረዳኋቸው። ረጋ ብለው አዳመጡኝ።

«መንግሥት ሁለት ነበረ» አሉ ስጨርስ። «ዘይነብ የኔ አይደለም አለ። ውሸት ነው። ማን አሰረው? እኔ የኔ ነው ስል ነው የሚታሰር?»

ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ሃያ ዓመት በሩ ሥር ተቀምጬበታለሁ። አዲስ ወረቀት አወጣሁና ዘይነብን «ስማቸውን አንድ በአንድ ጥሪልኝ» አልኳት።