የአራሷ ቬንትሌተር

የአገሬ ሰው ንፋስ አፈራሩ ጉድ ነው። ከሸርቆሌ ወደ አሶሳ ስትመጡ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ላብ ከአገጭ ወደ ደረት እየተንጠባጠበ፣ አንዱ ተሳፋሪ መስኮት ከፈት ያደርጋል። ወዲያው ከኋላ «ዝጋው ወንድሜ፣ ንፋስ ይመታናል» ይባላል። ይዘጋል። ከዚያ ሁላችንም በሰላም እንቀቀላለን። ይህን ባየሁ ቁጥር የአራሷ ቬንትሌተር ትዝ ይለኛል። ጊዜ ካላችሁ ላውጋችሁ።

ክልሉ ገና የተቋቋመ ሰሞን ነው። ከደሴ ተመድቤ አሶሳ ገባሁ። ከየአገሩ ለመጣን ሠራተኞች የተሰጠን አንድ ረጅም ቤት ነበር፤ ክፍሎቹ እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠሉ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሚባል ነገር የሌለው። መጋቢት ሲገባ ቆርቆሮው ይግላል፣ እኛ ከታች እንበስላለን። ምነው ኮርኒስ ቢሠራልን? «ክልሉ አዲስ ነው፣ ታገሱ» ይሉናል የቤቱ ኃላፊ አቶ ገበየሁ። ምነው መስኮቱ ሰፋ ቢልልን? ክልሉ አዲስ ነው። ክፉ ሰው ግን አልነበሩም።

ከሰዓት በኋላ ጀነሬተሩ ሲነሳ መብራት ይመጣል። ታዲያ ለቤቱ በሙሉ የተዘረጋው አንድ ቀጭን መስመር ስለሆነ ሁለት ቬንትሌተር አብረው ከተነሱ ፊውዙ ይቃጠላል። ስለዚህ ቬንትሌተር ተከለከለ። እኔ የሱዳን ነጋዴዎች ካመጡት አንዱን ገዝቼ ነበር፤ አልጋ ሥር ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። ቬንትሌተር አልጋ ሥር አስቀምጦ በካርቶን ማራገብ እንዴት እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

በዚህ መሀል የጎረቤቴ የመምህር ጌታነህ ሚስት ብርቱካን ወለደች። እናቷ እማማ ውድነሽ አራሷን ሊንከባከቡ ከደብረ ማርቆስ መጡ። ሕፃኑ ግን አልደላውም። ገላው ሽፍ አለ፣ ጡት እንቢ አለ፣ ያለቅሳል፣ ያለቅሳል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ እኔ ክፍል ውስጥ የሚያለቅስ ይመስለኛል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አይታው፣ ይሄ ሙቀት ነው፣ ካልቀዘቀዘለት ያሰጋል ብላ ሄደች። ጌታነህ በር ላይ ቆሞ እንባውን ሲጠርግ አየሁት። ሰው የመጀመሪያ ልጁን በቆርቆሮ ሊያጣ ነው እንዴ? ፈራሁ።

ጎረቤቶች ሁላችን ተሰብስበን አቶ ገበየሁ ዘንድ ሄድን። ክልሉ አዲስ መሆኑን ነገሩን። ልጁም አዲስ ነው አልናቸው። ከዚያ መጥተው አራሷ ክፍል ዘለቁና፣ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ ወጡ። «ለዚህ ክፍል ብቻ ተፈቅዷል» አሉ። እኛም ቃል ገባን፤ ካውያ የለም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ የለም፣ ሬዲዮ እንኳ የለም። ቬንትሌተሬን አቧራውን ጠርጌ አስረከብኩ።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ደጅ ተደርድረን፣ በካርቶን እያራገብን፣ የቬንትሌተሩን ድምፅ በግድግዳው በኩል እናዳምጣለን። ሰው በሌላ ሰው ቅዝቃዜ እንዲህ ይደሰታል ብዬ አስቤ አላውቅም። የሚገርመው የሕፃኑ ልቅሶ አልቆመም። ይባስ ብሎ እየደከመ ሄደ።

አንድ ቀን የቢሮአችን ታይፒስት ሐሊማ አራስ ልትጠይቅ መጣች። የዚያው አካባቢ ተወላጅ፣ የመንጌ ልጅ ናት፣ ቤቷም ከአጥራችን ማዶ ነው። ገብታ ብዙም ሳትቆይ ወጣችና ወደ እኔ መጣች።

«ታደለ፣ ግድግዳ ነው እንዴ የወለደው?» አለችኝ።

ምን ማለትሽ ነው ብዬ ተከትያት ገባሁ። መስኮቱ ተዘግቶ ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፏል። ሕፃኑ በጋቢ ተጠቅልሏል። ቬንትሌተሬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይነፍሳል።

«እማማ፣ ምነው?» አልኩ።

«ልጁን ንፋስ እንዳይመታው ነዋ» አሉ እማማ ውድነሽ ላባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «ያን ያህል ደክማችሁ ያመጣችሁትን አጥፉልኝ ማለት ደግሞ ነውር ሆነብኝ። ለእናንተ ብዬ ነው ያበራሁት።»

ለእኛ ብለው። እኛ ለእሳቸው ብለን ደጅ እንቀልጣለን፣ እሳቸው ለእኛ ብለው ግድግዳ ያስነፍሳሉ። ልሳቅ ወይስ ልናደድ? ሕፃኑ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ሳየው ሳቁም ንዴቱም ጠፋብኝ።

ሐሊማ አልተከራከረችም። ከቤቷ አንገረብ የሚሉትን የገመድ አልጋ አስመጥታ ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር አኖረችና ምንጣፍ አለበሰችው።

«እማማ፣ እኛ ጋ እንግዳ አልጋ ከተዘረጋለት እንቢ አይልም» አለቻቸው። «እንቢ ካለ፣ ባለቤቱን ጠልቷል ነው የሚባለው።»

እማማ ውድነሽ ማንጎውን አዩ፣ አልጋውን አዩ፣ ሐሊማን አዩ። ሰው ከማስቀየም ንፋስ ይሻላል ብለው መሰለኝ፣ ሕፃኑን አቅፈው ወጡ። ብርቱካንም ተከተለቻቸው። መጀመሪያ ጋቢው ላላ፣ ቆይቶ ተገፈፈ። ሕፃኑ ጡት ያዘ፣ ጠገበ፣ እንቅልፍ ወሰደው። ጌታነህ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሏቸው ማንጎው ሥር ሆነ፤ ልጁም ዳነ።

እኔም እንግዲህ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ቬንትሌተሬ ይመለስልኝ ብዬ አቶ ገበየሁን ጠየቅኋቸው። ፈቃዱ የተሰጠው ለክፍሉ ነው፣ ለሌላ ክፍል ለመፍቀድ መመሪያ መጠበቅ አለበት፣ ክልሉ እንደሆነ አዲስ ነው አሉኝ። መመሪያው ዝናብ እስኪገባ አልመጣም። እማማ ውድነሽም እንዳንቀየማቸው እየሰጉ፣ ጀነሬተሩ በተነሳ ቁጥር ከማንጎው ሥር ተነስተው ገብተው ያበሩታል። ግድግዳው፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ አንድም ቀን ስለ ሙቀት አላማረረም።