ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ አልሞትም

«አያ፣ ትንሹም ድንኳን እኮ ጥላ ነው» አሉ የእድራችን ዳኛ አቶ ገሠሠ፣ ከመደቡ ጫፍ ቁጢጥ ብለው።

«ጥላማ ዋርካም አለው!» አሉ ሸማኔው አያ ይርዳው፣ ከተኙበት ቀና ለማለት እየታገሉ። «እኔ እዚያ ቡትቶ ሥር አይለቀስልኝም። ድምፅ ይሰጥ! ድምፅ ሳይሰጥ አልሞትም!»

ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የግድግዳ ጎረቤት ነኝ፣ ሳቅ ሲያመልጠኝ አልወድም። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሐኪሙ «እቤትዎ ይረፉ» ብሎ መልሷቸዋል። ሐኪም ሽማግሌን እቤትህ እረፍ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እናንተም አታጡትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እድራችን ሁለት ድንኳን አለው። አንዱ ትልቅ፣ አዲስ፣ ዝናብ የማያስገባ። ሌላው ትንሽ፣ አሮጌ፣ ዝናብ የማያስቀር። መዋጮው ለሁሉም እኩል ነው። ደንቡም ማንንም አያዳላም፤ «ትልቁ ድንኳን ግቢው ለሚበቃ ይተከላል» ይላል፣ በቃ። ግቢ የሚበቃው ታዲያ የጭነት መኪና ለሚያሳድር፣ ወይም እንደ አቶ ገሠሠ የሩዝ መፈልፈያ ላቆመ ነው። ድሃ ሰፊ ግቢ እንዳይኖረው የሚከለክል አንቀጽ ደግሞ የለም። ፈልጌ አጥቻለሁ።

አያ ይርዳው ያመጡት ሐሳብ አጭር ነው። ትልቁ ድንኳን ለሁሉም ይሁን፤ ግቢ ካልበቃ መንገድ ላይ ይተከል፤ ባጃጅ ዞሮ ይሂድ።

ይህን ድሃው ሁሉ ይደግፈዋል ትሉ ይሆናል። ይደግፈዋል። ብቻ አይመጣም! ስብሰባው ተጠርቶ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ተበተነ፤ እንደገና ተጠራ፣ እንደገና ተበተነ። አቶ ገሠሠ ስብሰባ የሚጠሩት በገበያ ቀን ነው። በክፋት አይመስለኝም። መፈልፈያው ራሱ የሚፈለፍልለት ሰው ቀኑ ሁሉ እሑድ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ግን በገበያ ቀን ካልሸጠች መቼ ትሸጣለች? ተሸካሚው ካልተሸከመ? ከፎገራ ሜዳ ሩዙን ይዞ የመጣው ገበሬስ? ስለዚህ ባለግቢዎቹ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው ቀድመው ይመጣሉ፣ ከፊት ይቀመጣሉ፣ «ሕዝቡ ለመብቱ ግድ የለውም» ብለው በሐዘን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይበተናሉ። ድምፅ የሚጠቅመው ሰው ጊዜ የለውም፤ ጊዜ ያለው ሰው ምንም አልጎደለበትም። ዓለም በዚህ ዓይነት እስካሁን አለመገልበጧ ነው የሚገርመኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስብሰባ ተጠራ። ያው በገበያ ቀን።

እኔ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። ረፋድ ላይ የእድሩ ጥሩምባ ጮኸ፤ ለስብሰባ የሚነፋው አጭሩ ሳይሆን፣ ሆድ የሚያባባው ረጅሙ። ነፊው ታፈረ በገበያው መሐል እየሮጠ «የሸማኔው የአያ ይርዳው ቤት! እድርተኛ ሁሉ! ወደ አያ ይርዳው ቤት!» ይላል።

ያን ጊዜ ከተማችንን ወረታን ባያችኋት! ለስብሰባ እግሩን የሚያመው ሁሉ ሮጠ። ሴቱ ነጠላውን አዘቀዘቀ። ተሸካሚው ጆንያውን ከነባለቤቱ ትቶት ሄደ። ባጃጅ ነጂው ተሳፋሪውን «ውረድ፣ ለቅሶ ነው» አለው፤ ተሳፋሪውም ሳይከራከር ወረደ፣ ወርዶም አብሮት ሮጠ። እኔም ከነሽንኩርቴ።

ስንደርስ ወጣቶቹ ማንም ሳያዛቸው፣ በልማድ ብቻ፣ ትንሹን ድንኳን ተክለዋል። ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ስመኝ ደረቷን እየመታች «ወይኔ አያዬ! ወይኔ ደጉ!» ብላ ገባች። ድንኳኑ መሐል፣ በርጩማ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው አያ ይርዳው ተቀምጠዋል።

«ግቢ ስመኝ፣ ግቢ» አሏት። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እሱን ለኋላ አቆይው።»

«አንቱ!» አለች፣ ነጠላዋን ከአንገቷ እየፈታች። «እንስራዬን ለሌባ ጥዬ ነው የመጣሁ! ካልሞቱማ እኔው እገድልዎታለሁ!»

ሳቁ ከድንኳኑ ወጥቶ መንገዱን ሞላው። ወዲያው ከስብሰባው ቦታ አቶ ገሠሠ ከነባለግቢዎቹ እያለከለኩ ደረሱ፤ እነሱም ለለቅሶ አይቀሩም፣ ደግነታቸውን አልክድም።

«ይህ ማጭበርበር ነው!» አሉ አቶ ገሠሠ። «አንተ ታፈረ፣ ሞቱ አላልክም?»

«ቤታቸው አልኩ እንጂ ሞቱ መቼ ወጣኝ ጌታው» አለ ታፈረ፣ ጥሩምባውን በሸሚዙ እየወለወለ።

«ገሠሠ» አሉ አያ ይርዳው፣ ሳል እያቋረጣቸው፣ «ምልዓተ ጉባኤው ሞላ ወይስ አልሞላም?»

አቶ ገሠሠ ዞረው አዩ። ሰው እስከ አስፋልቱ ድረስ ነው። ምን ይበሉ? ሞልቷል አሉ።

እጅ ይውጣ ተባለ፤ ወጣ። ፀሐይ በድንኳኑ ቀዳዳ እየገባች ያንዱን ጆሮ፣ የሌላውን ራስ ትጠብሳለች። አንዲት ባለጭነት መኪና ወይዘሮ፣ ፀሐይዋ ልክ አናታቸው ላይ ያረፈችባቸው፣ ከሁሉም ቀድመው እጃቸውን አወጡ። ከእምነት ይሁን ከሙቀት አልጠየቅናቸውም። ሐሳቡ አለፈ። ለለቅሶው የተቀቀለው ንፍሮ ይበላሻል ተብሎም ታደለ፤ መጀመሪያ የዘገኑት ሟቹ ናቸው።

ታዲያ ከዚያ ቀን ወዲህ አያ ይርዳው ተሻላቸው! ሳሉ ለቀቃቸው፣ ጉንጫቸው ሞላ፣ ከሽመና ጉድጓዳቸው ገብተው መሸመን ጀመሩ። ደስ አለን። ደስ ይበለን እንጂ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ድንኳን መንገድ ዘግቶ ቆሞ ለማየት መንደሩ በውስጡ ጓጉቷል። ባጃጅ ነጂዎቹ በየት እንደሚዞሩ ሳይቀር ተነጋግረው ጨርሰዋል።

ትናንት ጠዋት አቶ ገሠሠ መጡ። ከአያ ይርዳው ደጃፍ እስከ መንገዱ ማዶ በእርምጃ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ በእግራቸው ጫፍ አፈሩን ጫር አደረጉ። አያ ይርዳው በሩን ከፍተው ብቅ አሉ።

«እንዴት አደሩ አያ? ጤናዎ እንዴት ነው?»

«እግዜር ይመስገን። ምን ትለካለህ?»

«ኧረ ምንም! ምሰሶው… መቼም ውሳኔ ውሳኔ ነው፣ ምሰሶው የት ጋ እንደሚቆም ከወዲሁ ብናውቀው ብዬ ነው።»

አያ ይርዳው መንገዱን አዩ፣ አቶ ገሠሠንም ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

«አንተ ብትቀድም እኮ ገሠሠ» አሉ ቀስ ብለው፣ «መንገድም አይዘጋም።»

የቆርቆሮ በራቸው ጓ ብሎ ተዘጋ።