ሚስቴ ጎባ ሳለች

ሚስት ስንት ኪሎ ሜትር ርቃ ስትኖር ነው የምትወደደው ብትሉኝ፣ ከሮቤ እስከ ጎባ ይበቃል እላለሁ። ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ሮቤ አስተማሪ፣ ጫልቱ ጎባ ነርስ። ተጋብተናል፤ ግን የመንግሥት ሠራተኛ የሚኖረው ሚስቱ ጋ ሳይሆን የተመደበበት ነው። ቅርብ አይደለም እንዴ? ቅርብ ነው፤ መኪና ከተገኘ፣ ጭቃው ከፈቀደ፣ እሷም ተረኛ ካልሆነች።

እሁድ እሁድ እንገናኛለን። በቀረው ቀን ደብዳቤ ነው። የሚያደርስልን ሁሴን የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። «ወላሂ መምህር፣ ከጫንኩት ገብስ ያንተ ወረቀት ይከብዳል» ይለኛል። እውነቱን ነው። ስለ ዓይኗ ብቻ ሁለት ገጽ የጻፍኩበት ጊዜ አለ።

ሦስት ዓመት ሙሉ «አገናኙን» እያልን አመለከትን። የዝውውር ኃላፊው ጓድ ታምሩ «ከግል ፍቅር አብዮቱ ይቀድማል» እያለ ይመልሰናል። አንድ ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ ፈረመ። ጫልቱ ሻንጣዋን ይዛ ሮቤ ገባች። ጎረቤት እልል አለ።

የመጀመሪያው ሳምንት ማር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስበላ ድምፄ እንደሚሰማ ነገረችኝ። እኔም በዚያ ብርድ በር ከፍታ እንደምትተው ነገርኳት። በሦስተኛው «ያ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰውዬ የት ሄደ?» አለች። «ጎባ ቀረ» አልኳት። መቀለዴ ነበር። አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ ወሬያችን «ጨው አቀብለኝ»፣ «እንቺ» ብቻ ሆነ። ፈራሁ። ምን ልደብቃችሁ፣ ትዳሬ ዓይኔ እያየ ሊያልቅ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠረጴዛ ላይ ማመልከቻ አገኘሁ። «ባለቤቴ ለትምህርት መስፋፋት ሲባል ወደ ጎሮ እንዲዛወርልኝ» ይላል።

«ጎሮ?» አልኳት በንዴት። «ለምን ጎባ አላልሽም?»

«ጎባማ ቅርብ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ትመጣለህ» አለችና አለቀሰች። «ደብዳቤህ ናፈቀኝ።»

እኔም አለቀስኩ። ከዚያ የፊደል ግድፈቱን አርሜ አብሬያት ፈረምኩ።

ጓድ ታምሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። «መለያየትም ወረፋ አለው። ሁለት ዓመት ትጠብቃላችሁ» አለን።

እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ጎሮ ስሄድ እንዴት እንደምንነፋፈቅ ስናወራ ከረምን። እንደዚያ ተዋደን አናውቅም።

ዝውውሩ የተፈቀደ ዕለት ይግባኝ አልን።