የጋሽ ወንድሙ ምንሽርና የእኔ ንግግር

ሰው ማሳመን የሚባለውን ሙያ አብዛኞቻችን የምንለማመደው ቀድሞ ባመነን ሰው ላይ ነው። እስቲ ልብ ብላችሁ እዩ። የቡድኑን ታላቅነት እስኪያልበው የሚተነትነው ሰውዬ የሚተነትነው ያንኑ ማሊያ ለለበሰ ጓደኛው ነው። ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ የኑሮ ውድነቱን የሚያስረዳንም ሰው የሚያስረዳው እኛኑ፣ የቲማቲም ፌስታል ጭናችን ላይ ያስቀመጥነውን ነው። ሁላችንም «እውነትህን ነው!» እንለዋለን፤ እሱም ሕዝብ አሳመንኩ ብሎ ፌርማታው ላይ ደስ ብሎት ይወርዳል። በዚህ ጉዳይ ትንሽ ብናገር አትፍረዱብኝ። ዕድሜዬን በአንድ ሳሙና ፋብሪካ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ጨርሼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ቤቱ ሳሙና የሞላ ሰው ሌላ ሳሙና እንዲገዛ አድርጌያለሁ።

ጋሽ ወንድሙን እቤቴ ድረስ ያመጣቸውም ይኸው ሙያዬ ነው።

ጋሽ ወንድሙ የመንገድ ሥራ ግሬደር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። አባታቸው ጎጃም ሳሉ ያወረሷቸው አንድ ምንሽር ጠመንጃ አላቸው። ሕጋዊ ነው፤ ቁጥሩ ተመዝግቧል፣ ፈቃድ አለው። ጣጣው የመጣው ፈቃዱ ሊታደስ ሲል ነው። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ «እኚህ ሰው መሣሪያ ቢይዙ አንሰጋም» ብሎ ይፈርምላቸው ተባለ። ካልተፈረመ ምንሽሩ ፖሊስ ጣቢያ ይገባል። ገባ ማለት ደግሞ ገባ ማለት ነው፤ ልጎብኘው ብሎ ነገር የለም። አባታቸው ፎቶ እንኳ ሳይነሱ ስለሞቱ፣ የአባቴ ነው ብለው የሚዳስሱት ነገር ቢኖር ያ ብረት ብቻ ነው። ይህን ሲነግሩኝ አንጀቴን በሉኝ።

የመጀመሪያው ስብሰባ እድራችን አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። ጋሽ ወንድሙ ተነሡና ጋቢያቸውን አጣፉ። ጋቢ ማጣፋታቸውን ሳይ ነገሩ እንደተበላሸ ገባኝ። «ወንድ ልጅ መሣሪያውን ካስረከበ ምን ቀረው?» አሉ። «ጠላት በሬ ላይ ሲቆም፣ ፖሊስ እስኪመጣ ሻይ ላፈላለት ነው?» ጡረተኛው ሻምበልና ሁለት እኩዮቻቸው ከፊት ወንበር «አበጀህ!» እያሉ አዳራሹን አናጉት። እናቶች ከኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም። ወጣቶቹ ስልካቸው ላይ ተደፍተው ዝም። ወረቀቱ ዞሮ ሲመለስ አራት ፊርማ ነበረው። ሦስቱ የታወቁት ናቸው፤ አራተኛው ጆሯቸው በደንብ የማይሰማ ጎረቤታችን ነበሩ።

«ሕዝቡ ከዳኝ» አሉኝ በማግስቱ ሳሎኔ ተቀምጠው።

«የተናገሩት ለሕዝቡ መች ነበር? ለነሻምበል ነው እንጂ።»

ሊቆጡ አሉና ተዉት። «እሺ፣ አንተ ሳሙና እንደሸጥከው አድርገህ አስተካክልልኝ» አሉኝ። እኔ ራሴ መሣሪያ የሚባል ነገር እጄ ላይ እንዲውል አልፈልግም፤ ሙያዬ ሲጠራ ግን እምቢ ማለት አልችልም። የሰው ልጅ በሚችለው ነገር ሲለምኑት እንዴት እንደሚያብጥ መቼም ታውቃላችሁ።

ያላስፈረመ ሰው ንግግር ከማሳመሩ በፊት ያልፈረሙት ቤት ሄዶ መጠየቅ አለበት አልኳቸው። ምን ያሰጋችኋል ብለው ይጠይቁ፤ መልስ ግን እንዳይሰጡ። ይህ ለጋሽ ወንድሙ ከባድ ቅጣት ነበር። ሆኖም ሄዱ። ጸሎት ቤት የምትዘምረው ማርታ ልጆቿ ቤት ለቤት እየገቡ እንደሚጫወቱ ነገረቻቸው። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሊለቅ የተዘጋጀው የኮምፒዩተር ባለሙያ ደግሞ የሚያሰጋው ሌባ ሳይሆን ክፉ ቀን የገጠመው የቤት ሰው እንደሆነ አስረዳቸው። ጋሽ ወንድሙ በጣም ተገርመው ተመለሱ። «እንዴት ነው ነገሩ? አንድም ሰው ስለ ጠላት አላነሳብኝም!»

ከዚያ ንግግሩን ጻፍኩ። «ጠላት» ወጣ። «ወንድ ልጅ» ወጣ። የጋቢው ማጣፋት ወጣ፤ እሱን ለማስወጣት ሁለት ቀን ፈጀብን፤ እጃቸው ሳያዝዙት ይነሣል። በምትኩ «መፍራታችሁ ልክ ነው» የሚል ገባ። ምንሽሩ የሚቀመጥበት የተቆለፈ ሳጥን ገባ፣ ለብቻ የሚቀመጠው ጥይት ገባ፣ «ኑና አይታችሁ ፍረዱኝ» የሚል ግብዣ ገባ። የንግግሩ አናት ላይ ያስቀመጥኩት ግን ይህን ነው፦ «እዚህ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ስኖር ከጎረቤት ተጣልቻለሁ፣ ከልጄም ተጋጭቻለሁ። ምንሽሬ ግን አንድ ቀን እንኳ በንዴት ከሳጥኑ ወጥቶ አያውቅም።» ከሳሙናው ዘመን ጀምሮ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አላውቅም። ደረቴን ነፋሁ።

ልምምዱን የምናደርገው እሳቸው ሳሎን ነበር። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ሻይ ያቀርቡልናል። አንድ ቀን ጋሽ ወንድሙ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲሉ፣ እትዬ አስካለ ትሪውን እንደያዙ ቆመው ባላቸውን አዩዋቸውና ወጡ። ንግግሬ ልባቸውን ነካው ብዬ ደስ አለኝ።

ሁለተኛው ስብሰባ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጋሽ ወንድሙ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ በለሆሳስ፣ ቃል ሳያዛንፉ ተናገሩ። ሻምበል ቅር አላቸው፤ ያ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው። ማርታ ቀድማ ተነሥታ ፈረመች። እሷን አይተው እናቶቹ ፈረሙ፤ ወጣቶቹም ቀጠሉ። የእድሩ ሊቀመንበር ወረቀቱን ሲያገላብጡ ግን አንድ ባዶ ቦታ አገኙ። የትዳር ጓደኛም መፈረም አለባት። ሳቅ ሆነ፤ ይሄማ ያለቀ ነገር ነው ተባለ። ወረቀቱ ከኋላ ለተቀመጡት እትዬ አስካለ ተላለፈ።

«እኔ አልፈርምም» አሉ።

የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ።

«ከሳጥኑ ወጥቶ አያውቅም ያለው እውነት ነው» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እሱና ልጃችን አቤል ድምፃቸው ከፍ ሲል እኔ የያዝኩትን ጥዬ መኝታ ቤት እገባለሁ። ሳጥኑ ላይ እቀመጣለሁ። ተጯጩኸው እስኪያበቁ አልነሣም። ልጁ አሥራ ስድስት ከሞላው ጀምሮ እንዲሁ ነኝ፤ አሁን ሠላሳ ሊሞላው ነው።»

«አስካለ! እኔ ላወጣው ነው ብለሽ?» አሉ ጋሽ ወንድሙ።

«አታወጣውም። አቤልም አያወጣውም። ይህን አውቃለሁ። ግን ተነሥቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ? ሰፈሩን ሁሉ ቤት ለቤት ዞረህ ምን ያሰጋችኋል አልክ። እኔ ሻይ ሳቀርብላችሁ ነበር።»

«ሳቀርብላችሁ» ያሉት እኔን ጨምረው ነው። አንገቴን ደፋሁ። ስኳር ስንት ልጨምር ብለው እንኳ ሲጠይቁኝ ቀና ብዬ አልመለስኩላቸውም፤ በሁለት ጣቴ ምልክት አሳይቼ ወደ ወረቀቴ ነበር የምመለሰው። አፈርኩ፤ ከልቤ ነው ያፈርኩት።

ረቡዕ ጋሽ ወንድሙ መጡ። ፈቃዱን እንዲያሳድሱ የተሰጣቸው ቀን ሊያልቅ ነው። «ለአስካለ የሚሆን ነገር ጻፍልኝ» አሉኝ። እስክሪብቶ አነሣሁ። ስለ ቁልፉ ልጻፍ? ቁልፉ የት እንዳለ ከሁላችንም በላይ ያውቃሉ። ስለ አባታቸው ልጻፍ? ያን ታሪክ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ሰምተዋል። ወረቀቱን አስቀመጥኩት።

«ለማርታ እንዳደረጉት ያድርጉ። ይጠይቋቸውና መልስ አይስጡ» አልኳቸው።

«ምን እንደምትለኝ አውቄዋለሁ እኮ» አሉ። ከወንበሩ እየተነሡም፣ «‹ሳጥኑን ለምደሽው ነው እንጂ ምን አለ?› ልላት ነበር። ከአፌ አልወጣልኝም።» ሻይ ሳይቀርብላቸው ወጡ።

ሐሙስ ጠዋት ምንሽሩን በጋቢ ጠቅልለው ራይድ ጠሩና እትዬ አስካለን ከጎናቸው አስቀምጠው ጣቢያ አደረሱት። መኪናው ሲሄድ በር ላይ ቆሜ ነበር። ጋሽ ወንድሙ ሲሳፈሩ አለቀሱ፤ እንባቸውን ግን ከማንም አልደበቁም። ሻምበል ሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሷቸው። እኔ ደግሞ ንግግሬ አዳራሽ ሙሉ ሰው ማሳመኑን ለሰው ሁሉ ሳወራ ሰነበትኩ፤ የቀረውን ክፍል አሳጥሬ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እትዬ አስካለ በረንዳው ላይ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። እኔም ከጎናቸው ዱካ ስቤ ተቀመጥኩ። ይኼኔ ከውስጥ የአባትና የልጅ ድምፅ ተሰማ፤ አቤል መኪና ልሽጥ ብሎ ነው መሰለኝ። ድምፁ እየጨመረ ሄደ። አንድ በር ጓ አለ። ከዱካው ብድግ አልኩ።

«ይቀመጡ» አሉኝ እትዬ አስካለ፣ ከሰፌዱ ላይ አንዲት ጠጠር አንሥተው እየወረወሩ። «ይተዉአቸው፤ ይጩኹ።»