የወፍጮው መድንና የሙሉቀን እጅ

ነገርን ከሥሩ፣ ሰውንም በስሙ መያዝ እወዳለሁና አስቀድሜ ባለጉዳዮቹን ላስተዋውቃችሁ። አጎቴ ጋሼ አስማረ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ የእህል ወፍጮ ባለቤት። እትዬ ዝናሽ፣ የባለቤቱ ባለቤት። ሙሉቀን፣ የወፍጮው ሠራተኛ። መምሬ ፈንቴ፣ በቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ የሁላችን የንስሐ አባት። በመጨረሻም እኔ፣ ዩኒቨርሲቲ ሥራ አመራር ያስተማረኝ፣ ወንበር ተጣሞ ካየሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ የጋሼ የእህት ልጅ። ወፍጮውንም እንደ ስድስተኛ ሰው ቁጠሩልኝ፤ ምክንያቱን ትደርሱበታላችሁ።

እኛ ለሁሉም ነገር መጠባበቂያ እናበጃለን፤ ለብድር ዋስ፣ ለጋብቻ ሽማግሌ፣ ለሞት ዕድር። ሠራተኛ ስንቀጥር ግን «እግዜር ያውቃል» እንላለን። እግዜርማ ያውቃል። ያላወቀው አሠሪው ነው።

በሰኔ መግቢያ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቺንጋ የሙሉቀንን ቀኝ እጅ ስቦ ሰበረው። ሐኪሙ ክረምቱን ሙሉ የማረሻ ዕርፍ እንዳይጨብጥ ከለከለው። የገብስ ማሳው ጦም ሊያድር ነው። ጋሼ በግ ይዘው ጠየቁት፣ ጠበልም አስመጡለት፤ ደመወዙን ግን አቆሙት።

«ጋሼ፣ ሠራተኛ በሥራ ላይ ቢጎዳ፣ አሠሪው ባያጠፋም ካሳውን የሚከፍለው እሱ ነው ይላል ሕጉ። መድን የሚገባውም ለዚሁ ነው» አልኳቸው።

«መድንማ አለን!» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

እውነታቸውን ነው። ባንኩ ሲያበድራቸው አስገድዷቸው ወፍጮውን መድን አስገብተውታል። ድንጋዩ፣ ሞተሩ፣ ቺንጋው ሳይቀር ቢሰበሩ ካሳ አላቸው። ቺንጋው የሰበረው ሰው ግን ካሳ የለውም።

መምሬ ፈንቴ ፊት ለሽምግልና ተቀመጥን። ሙሉቀን እጁን በአንገቱ አንጠልጥሎ አንገቱን ደፍቷል።

«እጁን የከተተው ራሱ! እኔ ምን አደረግሁ?» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ በውሰት ያመጡት የጎረቤት በሬ እርስዎ ሲያርሱበት እግሩ ቢሰበርስ?» ስል ጠየቅኋቸው።

«እተካለኋ! የሰው በሬ ሰብሬ ዝም ልል? ምን ነካሽ አንቺ?»

«በሬው ራሱ ድንጋይ ረግጦ ቢሆንስ?»

«ቢረግጥስ! በእኔ ማሳ፣ በእኔ ቀንበር አይደለም እንዴ?»

እትዬ ዝናሽ ሳቃቸውን በነጠላቸው ለመሸፈን ሞክረው አልቻሉም። «እንግዲህ ሙሉቀንን ከበሬ ያሳንሱታ!» አሏቸው።

«አስማረ፣ በገዛ አፍህ ፈረድህ» አሉ መምሬ ፈንቴ።

እኔ በልቤ እልል አልኩ፤ በአፌ ግን ሥርዓት አለኝ።

ጋሼ ሲረቱም እንደ ባለቤት ነው የሚረቱት። ብድግ ብለው ፍርዱን ራሳቸው አወጁት፦ የሙሉቀን ሕክምናና ደመወዝ እስኪድን በእሳቸው ነው፤ ማሳውን የእሳቸው በሬዎች ያርሱታል፤ ሙሉቀንም ሆነ እስኪድን የሚተካው ሰው መድን ሳይገባለት ሞተሩ አይነሣም።

«ይህን እኮ ከመጀመሪያው ስነግራችሁ ነበር!» ሲሉም አከሉበት።

እርስ በርሳችን ተያየን። ሙሉቀንም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ ሁላችንም፣ ፍርዱንም «ስነግራችሁ ነበር»ንም፣ በአንድ ድምፅ ተቀበልን።